«ለቅቄያለሁ» ካሉ በኋላስ? ከመስጂድና ከመድረሳ ቦርድ ስለ መልቀቅ



ከዓመታት በፊት አስተምርበት በነበረ አንድ መድረሳ፣ ከሰባቱ የቦርድ አባላት አራቱ በአንድ ሌሊት ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ» ብለው ጽፈው ወጡ። ቅሬታቸው መሠረት ነበረው፤ ስለ ሕንፃው ወጪ ጠይቀው መልስ አላገኙም። ነገር ግን ከአራቱ ሁለቱ የባንክ ሒሳቡ ፈራሚዎች ነበሩ። ባንኩ ፈራሚ ለመቀየር ማህተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ጠየቀ፤ የቀሩት ሦስት ሰዎች ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አይሞሉም። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ እኛ ሁለት ወር ያለ ደመወዝ አስተማርን። አንድ ኡስታዝ የቤት ኪራይ መክፈል ስላቃተው ወደ አገሩ ተመለሰ፣ የሒፍዝ ክፍሉም ተበተነ።

መልቀቅ ይፈቀዳል? አዎ። የቦርድ አባል የጀማዓው ወኪል ነው፤ በፊቅህ ወኪል ራሱን ከውክልና ማውረድ ይችላል። ልዩነቱ መቼ ይጸናል የሚለው ላይ ነው። በሐነፊዮች ዘንድ ወካዩ ሳያውቅ መልቀቁ አይጸናም። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች የወካዩን ማወቅ በመስፈርትነት አያስቀምጡም፤ ሆኖም ከሻፊዒይ ዑለሞች መካከል ድንገት መልቀቁ ንብረቱን ለጥፋት የሚዳርግ ከሆነ እንደማይፈቀድ የገለጹ አሉ። በእጁ የቀረው ንብረት እስኪያስረክብ ድረስ አማና ነው። በሱረቱል ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ ላይ የታዘዝነውም አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው የሚጻፈው ለመረጠው አካል፣ ማለትም ለጀማዓው ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ ለቦርዱ ሰብሳቢና ለወረዳው መጅሊስ ግልባጭ ቢደርስ መልካም ነው። መልቀቂያው የሚጸናበት ቀን ይጻፍበት። ከዚያ ርክክብ ነው፦ ቁልፍ፣ ማህተም፣ ቼክ፣ ያልተሠራባቸው ደረሰኞች፣ የፌስቡክ ገጹ የይለፍ ቃል ሳይቀር። የዘካ ገንዘብ ካለ ከሰደቃው ተለይቶ ተቆጥሮ፣ ለእነማን ሊሰጥ እንደታሰበ ከነዝርዝሩ ይተላለፍ። ተረካቢውም አስረካቢውም ይፈርሙ፤ ነገ «እሱ ጋ የቀረ ብር አለ» የሚል ወሬ ሲነሳ የለቀቀውን ሰው የሚያድነው ይህች ወረቀት ናት።

ቦርዱም በበኩሉ ሰው ማሰር የለበትም። «አልተቀበልንም» እየተባሉ በስማቸው ብቻ ዓመት የሚቆዩ አባላት አሉ፤ ይህ ውሳኔውን ሁሉ ያጠራጥራል። ደንቡ ላይ «ደብዳቤው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ርክክብ ይፈጸማል፣ ካልተፈጸመም መልቀቂያው ይጸናል» ብሎ ማስፈር ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። በልማት ድርጅትነት የተመዘገበ ማኅበር ካልሆናችሁ፣ ቦርድ ሲጎድል ምን እንደሚደረግ ከዚያ አዋጅ አታገኙትም፤ የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ ሊለው ይገባል። የኛ መድረሳ ደንብ ግን ስለዚህ ያለው አንዳች ነገር አልነበረም። «የቀሩት አባላት ምልዓተ ጉባኤ ባይሞሉም ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ይችላሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖረው ኖሮ ችግሩ በሁለት ሳምንት ይፈታ ነበር። ፈራሚም ሦስት ሆኖ ከሦስቱ የሁለቱ ፊርማ የሚበቃ ቢሆን፣ አንዱ ሲለቅ ሒሳቡ አይዘጋም። የለቀቀ ፈራሚ ተተኪው እስኪገባ ለደመወዝና ለመብራት ክፍያ ብቻ እንዲፈርም መስማማትም ይቻላል።

ምክንያትን መናገር ግዴታ ነውን? የግል ጉዳይ ከሆነ፣ ጤና፣ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ «በግል ምክንያት» ይበቃል። የሕዝብ ገንዘብ ጠፍቶ ከሆነ ግን «ሲትር ነው» ብሎ ዝም ማለት ትክክል አይመስለኝም፤ ገንዘቡ የጀማዓው ሐቅ ነው። በጽሑፍ፣ ከነማስረጃው፣ ለኦዲት ኮሚቴ ወይም ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። ከጁምዓ በኋላ በር ላይ ተቁሞ የሚነገረው ግን ሐሜት ሆኖ ይቀራል፣ ኦዲተርም አይሰማውም።

የኛዎቹን በተመለከተ፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ አዛውንት የኡስታዙን መሄድ ሲሰሙ መጡ። አኩርፈው ስለነበር ከሰብሳቢው ጋር አልተነጋገሩም፤ ባንክ ሄደው ቼኩን ፈረሙና ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥተው ወጡ። ለቁልፉ ርክክብ የፈረመ ሰው አልነበረም።