በተማሪ ስፖርተኞች ላይ ስለሚወድቀው ጭንቀት

የልጅ እግር ሲሮጥ አይቶ የሚደሰት ሰው ብዙ ነው፤ ያው ልጅ በሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ የምታየው ግን እናቱ ብቻ ናት። አበበ ቢቂላ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ፥ በኢትዮጵያ ሩጫ የጨዋታ ስም ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአገር ክብርና የቤተ ሰብ እንጀራ ሁኖአል። ይህም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ክብሩንና እንጀራውን እንዲያመጣ የሚጠበቀው ሰው ብዙ ጊዜ የ15 ወይም የ16 ዓመት ተማሪ ስለ ሆነ፥ ሸክሙ በትከሻው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ መመርመር የተገባ ነው።

በአርሲ ምድር 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው በቆጂ ለዚህ ነገር ዋና ምስክር ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በዐሥር ሺሕ ሜትር ሩጫ አሸንፋ፥ ከጥቍር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዪቱ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ፥ ከእርስዋም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው አገር የወጡ ናቸው። በዚያች ከተማ የብዙዎቹ ሯጮች የመጀመሪያ አሠልጣኝ የሆኑት አቶ ስንታየሁ እሸቱ ሥራቸውን የጀመሩት በስፖርት ሹምነት አይደለም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበሩ እንጂ። ይህ እንዲያው የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የበቆጂ ሩጫ ሥሩ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው ማለት ነውና። ኀይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ሲሄድ ደብተሩን በክንዱ ታቅፎ ይይዝ ስለ ነበረ፥ ዓለምን ሁሉ ባሸነፈበት ዘመን እንኳ ግራ ክንዱን አጥፎ ይሮጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ታዲያ ሩጫና ትምህርት እንዲህ መንትያ ሁነው ከተወለዱ፥ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ እንደ ጣውንት የሚጣሉት ስለ ምንድር ነው?

የተማሪ ሯጭ ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ከልምምድ ተመልሶ ላቡ ሳይደርቅ ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍል ይገባል፤ ከትምህርት በኋላ በገጠር የሚኖር እንደ ሆነ ከብት ማስገባትና እንጨት መፍለጥ ይጠብቀዋል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውሃ መቅዳቱ፥ እንጀራ መጋገሩና ታናናሾችን መጠበቁ ይጨመርባታል። ማታ መጽሐፍ ሲገለጥ ዐይን ይከደናል። ሆኖም ድካሙ ብቻውን ልጁን አይሰብረውም፤ ድካም ለገበሬ ልጅ አዲስ ነገር አይደለምና። የሚከብደው ከፊቱ የቆሙት ሁለቱ በሮች እጅግ ጠባቦች መሆናቸው ነው።

አንደኛው በር የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በመላው አገር ከተፈተኑት ተማሮች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩም ዓመት ቍጥሩ 3.2 ሆነ። ሁለተኛው በር የሩጫው ነው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ሩጫ ሊያሰልፍ የሚፈቀድለት ከሦስት ሰው አይበልጥም፤ ለእነዚያ ሦስት ስፍራዎች በየጫካውና በየኮረብታው የሚሮጠው የኢትዮጵያ ወጣት ግን እጅግ ብዙ ነው። በሁለቱም በኩል ከሚያልፈው የሚቀረው እንደሚበልጥ ልጁ ራሱ ያውቃል። ዘመድና ጎረቤት ግን «የእገሌ ልጅ ሮጣ ለአባቷ የቆርቆሮ ቤት ሠራችለት» እያለ በፊቱ ያወራል። ቃሉ የተነገረው በፍቅር ነው፤ ልጁ ግን እንደ ዕዳ ማስታወሻ ይሰማዋል።

ይህ ጭንቀት የፈሪነት ምልክት ተደርጎ መቈጠሩ ትልቅ ስሕተት ነው። ሰው የሚያሠጋ ነገር ሲደርስበት፥ ከኵላሊቶቹ በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ቅመሞች ወደ ደሙ ይለቃሉ። ያን ጊዜ ልብ በኀይል ይመታል፥ ትንፋሽ ይፋጠናል፥ የሆድ ሥራ ይዘገያል። ይህም ለመሮጥ የተሰናዳ ሰውነት ነው እንጂ የታመመ ሰውነት አይደለም። ሮበርት ዬርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1908 በአውሮፓ አቈጣጠር አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እየነኩ መንገድ መለየትን ሲያስተምሩ፥ አስቸጋሪውን ትምህርት ፈጥነው የተማሩት መካከለኛ ንዝረት የደረሳቸው ሁነው ተገኙ፤ ያነሰባቸውም የበዛባቸውም ዘገዩ። ሐንስ ሴልዬ የተባለውም ሊቅ በ1936፥ እንዲሁ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ሰውነት በመከራ ጊዜ አስቀድሞ እንደሚደነግጥ፥ ቀጥሎ እንደሚቋቋም፥ መከራው ሳያቋርጥ ቢቆይበት ግን በመጨረሻ ኀይሉ እንደሚያልቅ አስረዳ። እንግዲህ ልጅን የሚጎዳው በመነሻው መስመር ላይ የሚሰማው የልብ ትርታ አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ሳያርፍ የሚከተለው ሥጋት ነው።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። ኤማ ራዱካኑ የተባለች እንግሊዛዊት ልጅ በ2013 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን መጨረሻ ፈተና ወስዳ ጥቂት ሳትቆይ በዊምብልደን የቴኒስ ውድድር ተሰለፈች። ዕድሜዋ 18 ነበር። አራተኛው ዙር ድረስ አሸንፋ ከደረሰች በኋላ ትንፋሽ አጥሯት፥ ራሷንም አዙሯት ጨዋታውን አቋርጣ ወጣች። ያን ጊዜ ልቧ ደካማ ነው ብለው በአደባባይ የፈረዱባት ሰዎች ነበሩ። እርስዋ ግን ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደ ደረሰባት ሳትደብቅ ተናገረች። በዚያው ክረምት የፈተናዋ ውጤት ሲመጣ በሒሳብ ከሁሉ የሚበልጠውን፥ በኢኮኖሚክስም ከፍተኛ ማዕርግ አገኘች። ኢትዮጵያ ዕንቍጣጣሽን በምታከብርበት በመስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በኒውዮርክ በአሜሪካ የቴኒስ ሻምፒዮና፥ ከማጣሪያው ጀምሮ ዐሥር ጨዋታ ተጫውታ አንድ ዙር እንኳ ሳትሸነፍ ዋንጫውን ወሰደች። በዊምብልደን ትንፋሽ ያጠራትና በኒውዮርክ ያሸነፈችው አንዲት ልጅ ናት፤ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ከአሥር ሳምንት አይበልጥም።

ወጣቶቹ ራሳቸው ጭንቀትን የሚከላከሉበት ዘዴ የላቸውም ማለት አይቻልም። በእንጦጦና በሱሉልታ ኮረብታዎች ላይ ሯጮች አንዱ የሌላውን ኮቴ እየተከተለ፥ በአንድ ሰልፍና በአንድ እርምጃ ሲሮጡ የሚያይ ሰው፥ ይህ ለውበት የተደረገ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ሸክምን መከፋፈል ነው፤ ከፊት የሚመራው ፍጥነቱን ያስባል፥ ከኋላ ያሉት አሳባቸውን ከፊታቸው ባለው እግር ላይ ብቻ ያኖራሉ፥ ጥቂት ቆይቶም ተራው ይለወጣል። ብቻውን የሚሮጥ ልጅ ይህ ዕረፍት የለውም። ከውድድር በፊት ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ መሳብና ከሳቡት ይልቅ አርዝሞ ማውጣት የልብን ትርታ እንደሚያበርድ ሐኪሞች ያስተምራሉ። አሳብን በሜዳሊያው ላይ ሳይሆን በሚቀጥለው ዙር ላይ ማሳረፍም እንዲሁ ነው፤ ሜዳሊያው በሌሎች እግር ጭምር የሚወሰን ሲሆን፥ የሚቀጥለው ዙር ግን በገዛ እግር የሚወሰን ነውና። ጸሎትም ለብዙዎቹ ከመነሻው መስመር በፊት የመጨረሻው ማረፊያ ነው፤ በየውድድሩ ሜዳ ሲያማትቡ ወይም እጃቸውን ዘርግተው ሲለምኑ ይታያሉ።

ከዘዴው ሁሉ የሚበልጠው እንቅልፍ ነው፤ ይህን ግን ልጁ ብቻውን ሊያገኘው አይችልም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር አስታውቋል። በዚያው አገር 112 ተማሪ ስፖርተኞች ተመርምረው በ2014 በአውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ጽሑፍ፥ ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት ከሌሎቹ ይልቅ 1.7 እጥፍ ለጉዳት የቀረቡ መሆናቸውን ገልጿል። እንግዲህ ልምምዱን ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት የሚያዝዘው አሠልጣኝና የቤት ሥራውን ለማግሥቱ የሚጠይቀው መምህር ሳይተዋወቁ የአንዱን ልጅ እንቅልፍ ለሁለት ተካፍለውታል ማለት ነው። ሁለቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢገናኙ የሚጠፋው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የሕፃናት ሐኪሞችም ለወጣት ስፖርተኛ በሳምንት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከልምምድ ማረፍን ይመክራሉ፤ ሰንበትን ለሚያከብር አገር ይህ እንግዳ ምክር አይደለም።

በዚህ ረገድ የካህናት ድርሻ ከሚታሰበው በላይ ነው። ልጁ ለአሠልጣኙ ቢናገር ከቡድኑ እንዳይወጣ ይፈራል፤ ለአባቱ ቢናገር ያሳዝነዋል፤ ለንስሐ አባቱ ግን ይናገራል። የንስሐ አባቱም ነገሩን እንደ ስንፍና ሳይቈጥር ሰምቶ፥ እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ኀዘኑ ሳምንታት የቆየ እንደ ሆነ ከጸሎቱ ጋር ወደ ሐኪም ቢመራው ብዙ ልጅ ያድናል። የጾሙም ነገር አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚህ ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሮጥና ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ የሚበላው ከሚያወጣው ኀይል በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። በ2014 በአውሮፓ አቈጣጠር የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሊቃውንት እንደ ገለጹት፥ እንዲህ ያለው የምግብ ጕድለት ሲቆይ የሴቶች ልጆችን የወር አበባ ያቋርጣል፥ አጥንትን ያሳሳል፥ መንፈስንም ያውካል። ልጁ ጾሙን ቢተው ኅሊናው ይወቅሰዋል፥ ቢጾም እግሩ ይከዳዋል፤ በሁለቱ መካከል ሲጨነቅ ለብቻው መተው አይገባም። በጾሙ ወራት ልምምዱን መቀነስ የአሠልጣኙ ሥልጣን ነው፤ ስለ ጾሙ ልኩን መንገር ደግሞ የካህኑ ነው። በረመዳን ወር በሙስሊሞች ልጆች ላይ የሚደርሰውም ጥያቄ ይኸው ስለ ሆነ፥ ሸኾቻቸው ከአሠልጣኞች ጋር ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው።

ለመንግሥት ሹማምንት የሚቀረው ጉዳይ የትምህርቱ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ለመማር እንደ ነበረና፥ የመመዝገቢያው ጊዜ ስላለፈባት ወደ ሩጫው እንዳዘነበለች ተነግሮአል። በ1995 ዓ.ም. በፓሪስ በአምስት ሺሕ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። ታሪኩ በደስታ ስለ ተፈጸመ ሁሉም ይተርከዋል። ነገር ግን አንድ በር ብቻ የቀረለት ልጅ ያ በር እንዳይዘጋበት የሚፈራው ፍርሀት፥ ሁለት በር ካለው ልጅ ፍርሀት ጋር አይመሳሰልም። ትምህርቱ በእጁ ያለለት ሯጭ ጕልበቱ ቢጎዳ ያዝናል፤ ትምህርቱን የተወው ግን የጠፋ ይመስለዋል። ስለዚህ ደብተር ለሩጫ ዕንቅፋት ነው የሚሉ አሠልጣኞች ነገሩን ገልብጠው አይተውታል።

በ2004 ዓ.ም. የወጣ አንድ የበቆጂ ፊልም ሁለት ሴቶች ልጆችን ሦስት ዓመት ያህል ተከትሎ፥ ከትምህርት ቤታቸው ሜዳ ተነሥተው ከቤታቸው ርቀው ወደ ማሠልጠኛ ሲሄዱ ያሳያል። እንዲህ ያለው ጕዞ በየዓመቱ ይደረጋል። ክለቡ ልጅቱን የሚመርጣት የውድድሩ ጊዜ በሚፈቅደው ወር ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በትምህርት ዘመኑ መካከል ይውላል። የመኪናው ሒሳብ ይከፈላል፥ መኝታ ይሰጣታል፥ የመሮጫ ጫማም ይታደላታል። የትምህርት ቤቷን መሸኛ አውጥቶ በአዲሱ ከተማ የሚያስመዘግባት ሰው ግን በክለቡ የሥራ ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም። ይህን አንድ ሥራ ለአንድ የታወቀ ሹም መስጠት አዲስ በጀት አይጠይቅም።