ድሬዳዋን «የጠላት ግዛት» ያሰኘው አስተዳደር

ስለ ነጻነት ሲወራ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ላይ ይዘጋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፣ አበቃ። ከድሬዳዋ ሆኖ ለሚያየው ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም። ከተማይቱ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 20 ቀን 1933፣ በእንግሊዝ ጦር ሥር በዘመቱት የደቡብ አፍሪቃ ወታደሮች ነው። ወታደሩን ተከትሎ፣ ሰር ፊሊፕ ሚቸል የሚመሩት መሥሪያ ቤት የፖሊሱን፣ የፍርዱንና የገንዘቡን ሥራ ያዘ። ይህን ማንም ያሸነፈ ጦር ያደርገዋል። ሊታወቅ ሲገባው የተዘነጋው የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው፦ «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር»።

ጠላት የተባለው ጣልያን ነው፤ ግዛት የተባለው ግን የእኛው አገር። ይህ ከጸሐፊ ስሕተት የመጣ ስም አይደለም። እንግሊዝ ኅዳር 1931 የጣልያንን የበላይነት በኢትዮጵያ ላይ በሕግ ተቀብላ ነበርና፣ ጦሯ የያዘው የጣልያን መሬት ተደርጎ ተቆጠረ። በ1900 የወጣው የሄግ ደንብ ደግሞ አገር የያዘ ጦር፣ ፈጽሞ ካልተቸገረ በቀር፣ የቦታውን ነባር ሕግ እንዲያከብር ያዝዛል። በዚህ ስሌት «ነባር» የሚባለው ጣልያን የተከለው ሕግ ይሆናል። እርግጥ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንተኒ ኢደን ጥር 27 ቀን 1933 መንግሥታቸው ነጻ ኢትዮጵያ ብትመለስ ደስ እንደሚለው ተናግረዋል። ግንቦት 3 ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮች ሲሾሙ ግን የእንግሊዝ ሹማምንት ከጣልያን ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ሥልጣኑ ሙሉ አይሆንም ብለው ተከራከሩ። ስለዚህ «ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉ ሰዎች ነገሩን አቅልለውታል፤ ያ ስም የአገር ሥልጣን ያዘገየ ስም ነው።

«ጦርነቱ መች አበቃና!» የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ጎንደር እስከ ኅዳር 1934 በጣልያን እጅ ነበረች፤ የድሬዳዋ ባቡር የሚያበቃባት ጅቡቲም በጀርመን ተጽዕኖ ሥር ለወደቀው ለፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ታማኝ ነበረች። ይህ ግን ጦሩ ለምን እንደቆየ ያስረዳል እንጂ ባለአገሩ በገዛ ቤቱ ለምን እንግዳ እንደሆነ አያስረዳም። ጎንደር ከወደቀች በኋላ ጥር 23 ቀን 1934 የተፈረመው ውል የኢትዮጵያን ነጻነት ቢያውቅም፣ የባቡሩን መሬትና ኦጋዴንን ለእንግሊዝ ጦር ተወ። ጅቡቲ ታኅሣሥ 1935 ከቪሺ እጅ ወጣች፤ ስጋቱም አብሮ ሄደ። ባቡሩ እንዲለቀቅ ስምምነት የተደረሰው ግን ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ይጠበቅ ነበር?

ከዚያ ዘመን በአፋችን የቀረ አንድ ቃል አለ። የምሥራቅ አፍሪቃው ሽልንግ ከጦሩ ጋር ገብቶ ገበያውን ያዘ፤ በ1937 አዲሱ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» ማለታችን ከዚህ የመጣ ነው። የገንዘቡን ስም እንዲህ ይዘን ስናበቃ፣ አገሪቱ የተጠራችበትን ስም መርሳት አይገባንም።