«ነገ እመጣለሁ» ያለው ፈረንጅ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ወደ አጅባር፣ ወደ ሳይንትና ወደ መካነ ሰላም የዘለቀ ሰው፣ የሐሩር አገር የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ሙቀት ማለት እንዳልሆነ ለመረዳት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ኢትዮጵያ በካርታ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ዳሩ ግን በዚህ ደጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ውርጭ ሰብል ያቃጥላል፤ ሰውም ባና ተከናንቦ ምድጃ ዙሪያ ይቀመጣል። አፍሪካ ሞቃት ናት ተብሎ ስስ ሸሚዝና አጎበር ብቻ ይዞ የመጣ እንግዳ፣ በመጀመሪያው ምሽት ጋቢ ለመበደር መገደዱ አይቀርም።

በ1960ዎቹ ዓመታት እንዲህ ያለውን አገር በእግርና በበቅሎ ከተዋወቁት የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች መካከል በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ የተሰለፉት ይገኙበታል። የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን ሲገቡ ከ270 የሚበልጡ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የተመደቡት ለማስተማር ነበር። አስተማሪ ቤት ተከራይቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ደወል ሲደወል ክፍል ይገባል። በጥር 1963 ዓ.ም. የፈንጣጣው ሥራ ሲጀመር ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር የተሰለፉት ጓዶች፣ ኋላም የጃፓን ፈቃደኞች፣ ዕድላቸው ሌላ ሆነ። ከሕዝቡ አብዛኛው ከመኪና መንገድ ርቆ ስለሚኖር፣ መኪናው መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ይወስዳቸውና ከዚያ ወዲያ ያለው የእግርና የበቅሎ ጉዳይ ይሆናል። ሥራው በተጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ26,000 በላይ የፈንጣጣ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

የሥራ መሣሪያው ቀላል ነበር። ክትባቱ በደረቁ በብልቃጥ ታሽጎ ስለሚመጣ ሙቀትን ይችላል፤ በረዶ ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም። መርፌዋ ጫፏ እንደ ሹካ ሁለት ጥርስ ያላት፣ ከጣት የማትበልጥ ነች። በእርሷ ጠብታውን ቆንጥሮ፣ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ያህል ቶሎ ቶሎ መውጋት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በአጭር ጊዜ ሊለምደው ይችላል። አንዱ ብልቃጥ ለመቶ ሰው ያህል ይበቃል። ነገር ግን ዱቄቱ አንድ ጊዜ በፈሳሹ ከተበጠበጠ ሳያድር ማለቅ አለበት። ጧት የተበጠበጠ ብልቃጥ፣ ሕዝቡ ሸሽቶ አሥር ሰው ብቻ ቢከተብበት፣ የዘጠና ሰው ክትባት ማታ ተደፋ ማለት ነው። ስለዚህ የፈቃደኛው ድካም ፍሬ ማግኘት አለማግኘቱ በመርፌው ሳይሆን በመንደሩ አቀባበል ይወሰን ነበር።

አቀባበሉን ከሚያበላሹት ነገሮች አንደኛው አንደበት ነው። በሥልጠና ጊዜ አማርኛ የተማረ ፈረንጅ ሰላምታውንና ቁጥሩን ያውቃል፤ «ጠ» ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ እንቢ ይለዋል። የፈንጣጣ ሠራተኛ ደግሞ ከዚህ ፊደል የሚሸሽበት የለውም፤ የበሽታው ስም ራሱ ሁለቱን አከታትሎ ይዟል። «ፈንታታ» ቢል ሰው ስቆ ያልፈዋል። ችግሩ የሚመጣው ማምሻውን መርፌውን እያሳየ «ነገ እመጣለሁ» ለማለት ሲነሣ ነው። ከአፉ የሚወጣው «ነገ እመታለሁ» ነው። ይህን የሰማች እናት በማግስቱ ልጆቿን ይዛ ገደል ለገደል ብትሰወር ማን ይፈርድባታል? አንቱ የሚባሉትን ቄስና ሼህ «አንተ» ብሎ መጥራትም በልጅ አፍ ቢሆን ይታለፋል፤ የመንግሥት ወረቀት ይዞ በመጣ ሰው አፍ ሲሆን ግን እንደ ንቀት ይቆጠራል።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በቅሎ የሚያከራየውን ሰው «በሁለት ሰዓት እንነሣለን» ብሎ የተቀጣጠረ ፈረንጅ፣ የእጅ ሰዓቱ ሁለት እስኪል ከጠበቀ የሚደርሰው በእኛ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ባለ በቅሎው ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ስትቆይ መጥቶ፣ ጠብቆ ጠብቆ ወደ እርሻው ተመልሷል። የበሽሎንና የዓባይን ገባር ሸለቆዎች ወርዶ መውጣት ለሚጠብቀው መንገደኛ፣ የተቃጠለው ጧት ወደ አንድ ሙሉ ቀን ይጠጋል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ወንዙ ሞልቶ እስኪጎድል ዳር ላይ መክረም አለ።

ማደሪያው ገበሬው ቤት ነው። ለእንግዳ መደብ ይለቀቅለታል፤ እግሩም ይታጠብለታል። ከቁንጫው ለመዳን በመኝታ ከረጢቱ ገብቶ እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው፣ ቁንጫዎቹን አብሮ ቆልፎባቸው ማደሩን የሚያውቀው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ምግቡም እንዲሁ ትምህርት ይጠይቃል። ረቡዕና ዓርብ በክርስቲያኑ ቤት እንቁላል መጠየቅ ነውር ነው። ወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ አጥር ለአጥር የሚኖሩበት አገር ስለሆነ፣ ሥጋ ሲቀርብ ማን ባረደው የሚለው ጥያቄ አብሮ ይቀርባል። ፈረንጅ የማን ሥጋ እንደሚበላ ግን ለባለቤቱም ግራ ነው። ሽሮ ለሁሉም ገላጋይ ነው። «በሞቴ» ተብሎ የቀረበ ጉርሻ «ጠግቤያለሁ» በማለት አይመለስም፤ የመለሰ ሰው ነገ ክንድ የሚሰጠው አያገኝም።

ይህ ሁሉ ግን ከዋናው እንቅፋት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የደጋው ሕዝብ ከፈረንጁ በፊት የራሱ ክትባት ነበረው። አገር ያወቀው ከታቢ ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ ጭሮ ያገባል። የተከተበው ሰው ቀለል ያለ ፈንጣጣ ታሞ ይነሣል፤ ዳግመኛም አይዘውም። ገበሬው ይህን ከአያቱ ጀምሮ አይቶታል። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ በእስያ እንደነበረው ዓይነት ብዙ ሰው የሚፈጅ አልነበረም፤ ከመቶ ሕሙማን የሚሞተው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ታዲያ የራሱ መድኃኒት ያለው ሕዝብ፣ ብዙ ከማይፈራው በሽታ ለመዳን፣ «እመታለሁ» ለሚል እንግዳ ክንዱን ለምን ይስጥ? እምቢታው ካለማወቅ ብቻ የመጣ ነው ብለው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሳያዩ ቀርተዋል።

ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአገር ባህሉ ክትባት የሚገባው ራሱ ፈንጣጣው ስለሆነ፣ የተከተበው ልጅ ታሞ እስኪድን ድረስ ላልተከተበው ጎረቤት ያስተላልፋል። አንዱን ቤት ሲያድን ሌላውን ያነድዳል። በብልቃጥ የመጣው ግን ሌላ ዘር ነው፤ ክንድ ላይ ቁስል ይተዋል እንጂ ፈንጣጣ አያመጣም። ይህን ልዩነት በፈረንጅ አማርኛ ማስረዳት ከባድ ነበር። የሚያስረዳው አብሮት የሚሄደው ያገሬው ሰው ነው፦ ባለ በቅሎው፣ ኢትዮጵያዊው የጤና ሠራተኛ፣ ወይም እጃቸውን አስቀድመው የሚዘረጉት ቄስ ወይም ሼህ። ምርጥ ዘር ይዞ መንደር የገባ የእርሻ ሠራተኛ ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ ገበሬው ንግግሩን ሰምቶ ሳይሆን የጎረቤቱን ማሳ አይቶ ነው የሚዘራው።

ሥራውም ከጊዜ ወደ ጊዜ መልኩን ለወጠ። ያገኙትን ሰው ሁሉ ከመከተብ ይልቅ፣ የታመመውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን መከተብ ዋነኛ ዘዴ ሆነ። ፈንጣጣ የያዘው ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ ታትሞ ገበያና ትምህርት ቤት ዞረ። «እንዲህ ያለ ልጅ የት አያችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። ገበያተኛ ከብዙ መንደር ስለሚመጣ፣ ለመርፌው ክንዱን የማይሰጠው ሰው እንኳ ለካርዱ ጥያቄ መልስ አያጣም። ተማሪዎችም ያዩትን ሳይደብቁ ይናገራሉ። ወሬው ከተገኘ በኋላ ያለው ሁለት ወይም ሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ሲደርሱም ልጁ ጓዳ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። አንድ የተደበቀ ሕፃን ደግሞ በሽታውን ወደ ሚቀጥለው ሸለቆ ለማሻገር ይበቃል።

በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ታየ። በሽታው ከምድር መጥፋቱ ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ታወጀ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ ከዳነም በኋላ ፍለጋው ለዓመታት ቀጥሎ ነበር። ካርድ የያዙ ሰዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ ባለቤቱም ገላው ላይ ሽፍ ያለበትን ልጁን ከጓዳ አውጥቶ ያሳያል። ፈላጊዎቹ ልጁን ወደ ብርሃን አቅርበው ያዩታል፤ ጉድፍ ሆኖ ሲያገኙት በመዝገባቸው ላይ ጽፈው ወደ ቀጣዩ ደጃፍ ያልፋሉ።