ለአሮጌ ቮልስ ካምቢዮ የሚስማማው ዘይት

የሞተር ዘይት በየጊዜው ይቀየራል። ካምቢዮን ግን ማርሽ አልገባም ብሎ እስኪጮኽ ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ቤር ሼቫ፣ ኤሜቅ ሳራ ጋራዦች ውስጥ አሮጌ ቮልስ ቆማ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ካምቢዮ ዘይቷ ነው።

ስለ ውፍረቱ ብዙ አልልም፤ 80ደብልዩ-90 የኔጌቭን በጋ ይችላል። ጣሳው ላይ 90 መባሉም አያስደንግጥዎ። የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ከሞተር ዘይት የተለየ ስለሆነ ይህ 90 ከሞተር ዘይት 40 እና 50 ጋር ይቀራረባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 የሚሉት ላይ ነው። «5 ከ4 ይበልጣል» ብሎ 5ን ያነሣል። አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ውዱን ነው የሞላሁላት» አለኝ፤ ቮልሷ ግን ወደ ሁለተኛ በገባች ቁጥር ታጓራለች። ጂኤል-5 የተሠራው ጥርሶቹ በከባድ ጫና እየተንሸራተቱ ለሚፋተጉበት የኋላ ዲፈረንሻል ነው። ስለዚህ የድኝና የፎስፈረስ ቅመሙ ከጂኤል-4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ካምቢዮ ውስጥ ደግሞ ማርሾቹን የሚያስማሙ የነሐስ ቀለበቶች አሉ። ቀለበቱ ማርሹን ጨብጦ ፍጥነቱን እኩል እስኪያደርግለት ድረስ ፍትጊያ ይፈልጋል። ዘይቱ ከልክ በላይ ካንሸራተተው በሳሙና እጅ ገመድ እንደመያዝ ነው፤ ማርሹ ይጮኻል፣ ቀለበቱም ያልቃል። በዚያ ላይ ዘይቱ ሲግል ድኙ መዳብ ያለበትን ብረት ይበላል። ዛሬ ብዙዎቹ ጂኤል-5 ዘይቶች ነሐስን እንዳይጎዱ ተደርገው ይሠራሉ፤ ማንሸራተታቸው ግን አልቀረም።

«ቮልስ ላይ ካምቢዮና ዲፈረንሻል አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ እንግዲያው 5 ይሻላል» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ፋብሪካው ግን ለተራው የእጅ ማርሽ ያዘዘው ሚል-ኤል-2105 የተባለውን ነው፤ ይህም ከጂኤል-4 ጋር የሚመሳሰል ነው። ከኋላው «ቢ» የተጨመረበት ነው ጂኤል-5ን የሚመስለው።

ቀለበቱ እያለቀ መሆኑን ለማወቅ የወጣውን ዘይት በሁለት ጣት አሽተው ፀሐይ ላይ ይዩት። ወርቅ የመሰለ ብናኝ ካብለጨለጨ ነሐሱ እየተበላ ነው። የማፍሰሻው ማግኔት ንጹሕ ነው ብለው አይዘናጉ፤ ማግኔት ነሐስን አይስብም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የመሙያውን ቡሎን ሳይሞክሩ የማፍሰሻውን የሚፈቱ አሉ። ዘይቱ ፈሶ ካለቀ በኋላ መሙያው ዝጎ እምቢ ይላል፤ መኪናዋም እዚያው ትቀራለች። ሁለቱም በ17 ሚሊሜትር ባለስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይፈታሉ። በቅያሪ ጊዜ የሚገባው 2.5 ሊትር ያህል ነው። እባክዎ መሙያውን አስቀድመው ይፍቱ፤ ሱቅ ሲገቡም ጣሳውን አዙረው ጂኤል-4 የሚለውን ያንብቡ።