ቀልድ ነው ብሎ ማን ይፈርም?

በ2010 ጥር መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰሜን እንግሊዝ፣ ዶንካስተር አጠገብ ያለው ሮቢን ሁድ ኤርፖርት በበረዶ ምክንያት ተዘጋ። በትዊተር የተዋወቃትን ወጣት ለማየት ወደ ሰሜን አየርላንድ ሊበር የነበረ አንድ የ26 ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ በገነ። ኤርፖርቱ በሳምንት ከምናምን ውስጥ ራሱን ካላስተካከለ ወደ ሰማይ አጎነዋለሁ ሲል ስድብ የተቀላቀለበት ፉከራ ለተከታዮቹ ጻፈ።

የደነገጠ አልነበረም። ከቀናት በኋላ ጽሑፉን ያየው፣ ከሥራ ውጪ በነበረበት ሰዓት ስለ ኤርፖርቱ የተጻፈ ነገር ሲፈልግ የነበረ የኤርፖርቱ ተረኛ ኃላፊ ነው። ለአለቃው አሳየ። አለቃው የማይታመን ዛቻ ብሎ መደበው፤ ደንቡ ግን ማንኛውም ዛቻ ለፖሊስ ይነገር ስለሚል አስተላለፈው። የኤርፖርቱ ፖሊስም ምንም እርምጃ ሳይወስድ ለደቡብ ዮርክሸር ፖሊስ አቀበለ። ልጁ ከሥራ ቦታው ተይዞ ተወሰደ።

በዚህ ቅብብል ውስጥ ከነበሩት መካከል ዛቻውን የምር የወሰደው ያለ አይመስልም። ቀልድ ነው ብሎ ፊርማውን የሚያኖር ግን አልተገኘም። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ባህል ለባህል አለመግባባት እንለዋለን። እዚህ ግን የቀለደው እንግሊዛዊ፣ ያነበቡትም እንግሊዛውያን ናቸው። ልዩነቱ በሕዝብና በሕዝብ መካከል ሳይሆን በወዳጅ ጆሮና በመዝገብ ቤት መካከል ነበር።

ፍርድ ቤት 385 ፓውንድ ቀጣው፤ 600 ፓውንድ ወጪም ተጨመረበት። ሥራውንም አጣ። ይግባኙ ሲወድቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያንኑ ዛቻ ቃል በቃል በትዊተር ደገሙት፤ ኮሜዲያኑ ስቲቨን ፍራይ ቅጣቱን እኔ ልክፈል አለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሐምሌ 2012 ጥፋተኝነቱን ሻረ፦ የሚያነበውን የማያስፈራ መልእክት ዛቻ ሊባል አይችልም። ይህን ለማለት ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ። ኤርፖርቱ በ2022 ተዘግቷል፤ በቦምብ ሳይሆን አያዋጣም ተብሎ።

በዚያው 2012 መጀመሪያ ከእንግሊዝ የተነሱ ሁለት ወጣቶች ሎስ አንጀለስ ሲደርሱ ወደ እስር ክፍል ተወሰዱ። አንደኛው አሜሪካን እናወድማታለን ብሎ ጽፎ ነበር፤ በሰፈሩ ቋንቋ በጭፈራ እንደባልቃለን ማለቱ ነው። ማሪሊን ሞንሮን ከመቃብር እናወጣለን ማለቱም ከራሳቸው ከአሜሪካኖቹ የካርቱን ፊልም የተወሰደ ቀልድ ነበር። ለጋዜጦች እንደተናገሩት ሻንጣቸው ውስጥ አካፋ ሳይቀር ተፈልጓል። አንድ ሌሊት አድረው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከሁሉም የሚከነክነኝ የ2022ቱ ነው። የሕንድ ዝርያ ያለው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ከለንደን ጋትዊክ ወደ ሜኖርካ ከመነሳቱ በፊት፣ እኔ ታሊባን ነኝ፣ አውሮፕላኑን ላፈነዳው ነው ብሎ ለጓደኞቹ በስናፕቻት ላከ። የብሪታንያ ደህንነት መልእክቱን አግኝቶ ለስፔን ነገረ፤ የስፔን ተዋጊ ጄትም መንገደኛ አውሮፕላኑን አጀበ። የመከላከያ ሚኒስቴር ለጄቱ ወጪ ወደ 95 ሺህ ዩሮ ጠይቆ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ጥር 2024 ልጁን ነፃ ለቀቀው። ልጁ ለዳኛው ሲያስረዳ ከትምህርት ቤት ጀምሮ በመልኩ ይቀለድበት እንደነበር ተናገረ። እንግዲህ መጀመሪያ የቀለደው እሱ አልነበረም። መልኩን አይቶ የሚጠረጥረውን ዓለም መልሶ ቀለደበት፤ ያ ዓለም ደግሞ ጄት ላከበት።

ከኤርፖርት ፍተሻ ሰልፍ ርቆ የሚቀለድ ቀልድ ግን ሌላ ዕድል አለው። የደህንነት ባለሙያው ብሩስ ሽናየር በ2003 ፍተሻውን የደህንነት ቲያትር ብሎ ጠራው። ፕሌይሞቢል የተባለው ኩባንያ የኤርፖርት ፍተሻ አሻንጉሊት ሲያወጣ፣ አማዞን ላይ የደንበኛ አስተያየት መስጫው የሹፈት መድረክ ሆነ፦ የአሻንጉሊቱ መንገደኛ ጫማ አይወልቅም፣ እንዴት አድርጎ ያልፋል? በ2001 ታኅሣሥ አንድ ሰው ጫማው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ በመገኘቱ ነው አሜሪካ በ2006 መንገደኛን ሁሉ ጫማ ማስወለቅ የጀመረችው። በ2015 መንገደኛ መስለው የሞከሩ መርማሪዎች ከ70 ሙከራ በ67ቱ የተከለከለ ነገር ይዘው አለፉ፤ ጫማ ማውለቁ ግን ቀጠለ። ሐምሌ 2025 ሲቀር የፌዘኞቹ አቤቱታ ሃያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

እዚህ ላይ ለፈታሹም ልከራከርለት። ኅዳር 1996 የኢትዮጵያ አየር መንገድን በረራ 961 የጠለፉት ሦስት ሰዎች ቦምብ ብለው ያስፈራሩበት ነገር የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ነዳጅ አልቆ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። አላምንህም ብሎ መሳቅ የማን ሥልጣን ነው?

በ2014 የካቲት ሌላ የኢትዮጵያ አውሮፕላን በገዛ ረዳት አብራሪው ተጠልፎ ንጋት ላይ ጄኔቭ አረፈ፤ አብራሪው በገመድ ወርዶ ጥገኝነት ጠየቀ፤ የተጎዳ ሰው የለም። ያጀቡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጄቶች ናቸው። የስዊስ አየር ኃይልስ? በሥራ ሰዓት ብቻ ነበር የሚነሳው፤ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት፣ ከምሳ በኋላ እስከ አሥራ አንድ። ዓለም ሳቀ፤ በመሳቁ የታሰረ የለም። ሃያ አራት ሰዓት ተጠባባቂ የማድረጉ እቅድ ከጠለፋው በፊትም ነበረ፤ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ጄቶቹ ሌሊትም ዝግጁ ናቸው።

የእኛ መንገደኛ የሚቀልደው ካለፈ በኋላ ነው። ከ2018 ሰኔ ማብቂያ ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን፣ በእጅ ሻንጣ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት የያዘ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳረጋል፤ ሽሮም በርበሬም ዱቄት ናቸው። ሜሪላንድ ቤት ደርሶ ቡና ሲፈላ፣ በርበሬውን ከፍቶ ያሸተተው ፈታሽ እንዴት እንዳስነጠሰ ይተረካል፤ ተራኪውም ፈታሹን ሆኖ ያስነጥሳል። እዚያው ሰልፉ ላይ ግን «ምንድን ነው?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ቅመም ነው፣ ጌታዬ።»