ውሃው የደፈረሰ ዕለት

ትግራይ ውስጥ፣ ከአዲ ጉዶም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ከአንዲት ትንሽ የአፈር ግድብ እግር ሥር፣ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ባዶ ሃይላንድ ሲሞሉ አገኘኋቸው። የሚጠጡት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሃይላንዱን ወደ ፀሐይ አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አተኩረው አዩትና ደፉት።

«ጠርቷል» አሉ። «ዛሬ እንተኛለን።»

የሄድኩት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ልጽፍ ነበር። ሽንኩርቱ ቀረና ያቺ ሃይላንድ ስታብሰለስለኝ ከረመች።

ሽማግሌው፣ ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ አቦይ ልበላቸው፣ አማርኛ የለመዱት በወጣትነታቸው ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ ነው። «ግድብ ያልባል፣ ልጄ» አሉኝ። «ላብ ክፋት የለውም፣ ሰውም ሲሠራ ያልባል። ጠርቶ ከወጣ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ከደፈረሰ ግን አንጀቱን ይዞ እየወጣ ነው።»

በኋላ ያነጋገርኳቸው የግድብ መሐንዲስ ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር አልነገሩኝም። የአፈር ግድብ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ይወጣል። መሃሉ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ነው፤ ከኋላው የሚሰርገውን ውሃ እያጣራ የሚያስወጣ አሸዋና ጠጠር ይደረግለታል። ጭራሽ የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም። ክፉው ቀን የሚመጣው ውሃው አፈር ይዞ መውጣት የጀመረ ዕለት ነው። ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ከውስጥ እየተበላች ሄዳ ቦይ ትሆናለች። የጃርት ጉድጓድ ሊሆን ይችላል መነሻው፣ በስብሶ የቀረ የግራር ሥርም እንዲሁ። አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ የነበረው 93 ሜትር ከፍታ ያለው የቲተን ግድብ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 ጠዋት የደፈረሰ ውሃ ታየበት። እኩለ ቀን ሳይሆን ተደረመሰ። 11 ሰው ሞተ። ያ ሁሉ የሆነው ሠራተኞቹ እዚያው ቆመው ቀዳዳውን በቡልዶዘር ለመድፈን እየታገሉ ሳለ ነው።

ትግራይ ውስጥ የግድቡ ዘመቻ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የ77ቱ ረሃብ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። ሳኤርት በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የክልሉ ተቋም በ10 ዓመት 500 ግድብ ሠርቶ 50,000 ሄክታር በመስኖ ለማልማት አቀደ። ድንጋዩን የተሸከመው፣ አፈሩን የዛቀው ሕዝቡ ነው። አቦይ ከተሸከሙት አንዱ ናቸው፤ ግማሽ ማሳቸውም ዛሬ ከውሃው ሥር ነው። ዕቅዱ ግን ከአንድ አምስተኛ አላለፈም። ቆየት ብሎ ተመራማሪዎች 92 ግድቦችን ሲያጠኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደለል ሲሞላቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲያፈስሱ፣ ሩብ ያህሉ አካላቸው ተጎድቶ አገኟቸው። የመቀሌ ዙሪያ ድንጋይ ኖራማ ነው፤ ስንጥቁ ብዙ ነው፤ ውሃ በሥሩ ያመልጣል። ተራራው ደግሞ ከተራቆተ ቆይቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ የሚያወርደው ደለል የሐይቁን ሆድ ያጠባል። ሆዱ የጠበበ ሐይቅ ቶሎ ይሞላል፣ ጎርፉም ከድሮው ፈጥኖ ትርፍ ውሃ ማስወጫው፣ ማስተንፈሻው ላይ ይደርሳል። ማስተንፈሻው ከተሸረሸረ ወይም ከተደፈነ ውሃው በአናቱ ያልፋል፤ አናቱ ላይ ውሃ የፈሰሰበት የአፈር ግድብ ደግሞ ብዙ አይቆምም። የደለል ጉዳይ የመስኖ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መወራቱ ትልቅ ስህተት ነው እላለሁ።

ያም ሆኖ እነዚህን ግድቦች ከሽፈዋል ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። አመለጠ የተባለው ውሃ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል፣ የጉድጓድ ውሃ ከፍ ያደርጋል። አቦይ ይዘውኝ የወረዱበት ማሳ ከግድቡ ቦይ አንድ ጠብታ አይደርሰውም። የውሃ ጉድጓዱ ግን በሚያዝያ ሙሉ ነው። ቃሪያና ሰላጣ አለ፤ አንዲት እናት ሁለት ላሞች እያጠጡ ነበር። «ይኼ በወረቀት የለም» አሉኝ አቦይ። «ወረቀቱ ላይ ግድቡ ሞቷል። እኛ ግን ከሱ እንበላለን።»

ከግድብ ጋር የመጣው ወባም ሊዘነጋ አይገባም። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ትግራይ ውስጥ ከግድብ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ራቅ ብለው ከሚኖሩት በሰባት እጥፍ በልጦ ተገኝቷል።

ታዲያ ግድቡን ማን ያያል? ለአንድ የሥራ ኃላፊ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቴ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው፣ የመጨረሻው ፍተሻ መቼ እንደተደረገ ስጠይቃቸው «ይህ የተጠቃሚዎቹ ማኅበር ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት። እውነት ነው፤ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ። ማኅበሩም ቦይ ይጠርጋል፣ ተራ ያስጠብቃል። በግድቡ ሆድ ውስጥ ስለሚሆነው ግን መሣሪያም ባለሙያም የለውም፤ ያሉት አቦይና ሃይላንዳቸው ናቸው። በትግራዩ ጦርነት ዓመታት ደግሞ፣ አቦይ እንደነገሩኝ፣ ዞር ብሎ ያየው ባለሙያ አልነበረም።

ትንሽ ግድብ ትንሽ አደጋ ነው የሚል ካለ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ኬንያ፣ ሶላይ የሆነውን ያስታውስ። የአንድ እርሻ ግድብ ምሽት ላይ ፈርሶ ከ40 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ሴትና ሕፃን፣ ወሰደ። ትልልቆቹ ሲፈርሱ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጳጉሜን 2015 ላይ፣ እኛ ለዘመን መለወጫ ስንሰናዳ፣ ሊቢያ ደርና ላይ ሁለት ግድቦች ተከታትለው ፈርሰው ሺዎች አለቁ።

እያንዳንዱ ግድብ ደመወዝ ያለው አንድ ጠባቂ፣ አንድ መዝገብ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ አንድ የመሐንዲስ ጉብኝት ያስፈልገዋል። ወረዳዎች ይህን ዘንድሮውኑ በበጀታቸው ያስገቡ። እስከዚያው ግን፣ ከቤታችሁ በላይ የአፈር ግድብ ያላችሁ ሁሉ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት እግሩ ሥር የሚወጣውን ውሃ ቀድታችሁ እዩ። ከደፈረሰ መጀመሪያ ልጆቹንና አቅመ ደካሞቹን ወደ ከፍታ አውጡ። ለወረዳ የሚደወለው ከዚያ በኋላ ነው።