ሺልደን፦ በባቡር የተቆረቆረችው ከተማ ባቡር ሲርቃት

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኘው ሺልደን ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። በዓለም የባቡር ታሪክ ያላት ስፍራ ግን ከስፋቷ በእጅጉ ይልቃል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከድንጋይ ከሰል ነው። ከአካባቢው ጉድጓዶች የሚወጣውን ከሰል በፈረስ ወደ ስቶክተን ወደብ ማድረስ ብዙ ወጪ ይጠይቅ ስለነበር፣ የዳርሊንግተን ነጋዴዎች የባቡር ኩባንያ አቋቋሙ። ከሺልደን በስተምዕራብ ያሉትን ኮረብቶች ፉርጎዎቹ የሚሻገሩት፣ በአንድ ቦታ በተተከሉ የእንፋሎት ሞተሮች በገመድ እየተሳቡ ነበር። የባቡሩ ሞተር ሥራውን የሚረከበው ሺልደን ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 1825 'ሎኮሞሽን' የተባለው ሞተር ከዚያ ተነሥቶ፣ ከሰልና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጭኖ ስቶክተን ገባ።

የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ግን ብልሽት ይበዛባቸው ነበር። የኩባንያው የሞተር ክፍል ኃላፊ ቲሞቲ ሃክዎርዝ በ1827 በሺልደን የሠራው 'ሮያል ጆርጅ'፣ የእንፋሎት ኃይል ለከባድ ጭነት አስተማማኝ መሆኑን አሳየ። 'ሳን ፓሬይ' የተባለው ሌላው ሥራው በ1829 ለውድድር ቀርቦ በብልሽት ምክንያት በስቲቨንሰኖቹ 'ሮኬት' ተሸነፈ። ሃክዎርዝ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1836 ከሺልደን የወጣ ሞተሩ እስከ ሩሲያ ተላከ።

ከ1860ዎቹ ወዲህ የሞተር ሥራው ወደ ዳርሊንግተን ሲዛወር፣ ሺልደን በጭነት ፉርጎ ሥራ ታወቀች። አባት የሠራበት ፋብሪካ ልጅን ይቀጥር ነበር፤ የነዋሪው ኑሮም ከፋብሪካው ጋር ተሳሰረ።

የከተማዋ ብርታት የነበረው ይኸው ትስስር በመጨረሻ ድክመቷ ሆነ። ጭነት ከሐዲድ ወደ መኪና ሲዞር የፉርጎ ፍላጎት ቀነሰ። በ1982 ፋብሪካው ሊዘጋ መሆኑ ሲነገር ሠራተኞቹና ነዋሪዎቹ በአንድነት ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ጊዜ ቢገዛላቸውም በ1984 በሩ ተዘጋ፤ ከሺህ በላይ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ። ለወጣቶች ሥራ ፍለጋ ከተማዋን ለቅቆ መሄድ ማለት ሆነ።

በ2004 'ሎኮሞሽን' የተሰኘ የባቡር ሙዚየም በከተማዋ ተከፈተ። በውድድሩ የተሸነፈው 'ሳን ፓሬይ' ዛሬ የሚታየው በዚሁ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ የሺልደንን ስም መልሶ አስጠርቷል፤ ፋብሪካው ይሰጥ የነበረውን ያህል የሥራ ዕድል ግን ሊተካ አልቻለም።